ከጁምዓ መልስ የት እንብላ? የቤተል ምግብ ቤቶች በጤና ዓይን

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው በየቤታችን ስለምናበስለው ምግብ ነው። ይሁንና ከመካከላችን አልፎ አልፎ እንኳ ከቤት ውጪ የማይበላ ማን አለ? የጁምዓ ሶላት ተሰግዶ ሲወጣ በመስጂድ ደጃፍ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ “ዛሬስ የት እንብላ?” የሚል ነው። ስለዚህ የዛሬውን ጽሑፍ ከማድ ቤታችን አውጥተን ወደ ሰፈር ምግብ ቤቶች ወስደነዋል። ሰፈሩም እኔ የምኖርበት ቤተል ነው።

ቤተልን ለማታውቁት፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ያለ ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በዚህ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ የታክሲ ነው። እንደ መርካቶ የሚጋፋ ሕዝብ፣ እንደ ቦሌ የሚያብረቀርቅ ሆቴል አይበዛበትም። ምግብ ቤቶቹም ሰፈሩን ይመስላሉ። ብዙዎቹ ከመኖሪያ ግቢ ፊት ለፊት የተሠሩ፣ ከአንድ ሁለት ክፍል የማያልፉ፣ በራቸው ላይ ጨረቃና ኮከብ የተሳለባቸው ቤቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ለሴቶችና ለቤተሰብ በመጋረጃ የተከለለ ቦታ፣ ጥግ ላይም መስገጃ አላቸው።

የቤቶቹን ስም አልጽፍም። አንደኛ ይህ ዓምድ ማስታወቂያ አይደለም። ሁለተኛ ደግሞ የምግብ ቤት ጠባይ ወጥ ሠሪዋ ስትለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ ዛሬ ያመሰገንኩትን ቤት የዛሬ ዓመት ሄዳችሁበት ልታሙኝ ትችላላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ምን አይቼ ጥሩ እንዳልኩት ነው፤ እናንተም በየሰፈራችሁ በዚያው ዓይን ታያላችሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆኑኝ አማቴ ናቸው። በቤታችን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ ደም ግፊትም ስኳርም አለባቸው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ለእሳቸው ብለን ወጥ ላይ ጨው ከቀነስን ሦስት ዓመት ሆኖናል፤ ሻይም በቤት ውስጥ የሚጠጡት ያለ ስኳር ነው። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ዓመት ለክትትል ስንሄድ ግፊታቸው 170 በ100 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ “ቤት ውስጥ ምን ይበላሉ?” ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቴም አባባም ወደ እኔ ዞሩ፤ ወጥ ሠሪዋ እኔ ነኛ! አፈርኩ፤ ለመናገር ያህል ተናደድኩም።

ነገሩን ስናጣራ አባባ ዓርብ ዓርብ ከጓደኞቻቸው ጋር እንደሚበሉ እናውቅ ነበር። ለካ ዓርብ ብቻ አልነበረም። በሳምንት አራት አምስት ቀን ከሱብሒ ሶላት መልስ ፉል ቤት ጎራ ይላሉ፤ ከዚያ ቤት መጥተው እኔ የማቀርብላቸውን ጨው አልባ ቁርስ ለይሉኝታ ቀመስ ያደርጋሉ።

“አባባ፣ እባክዎ ይህን ነገር ይተዉት” አልኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ “ልጄ፣ እኔ ለፉሉ የምሄድ ይመስልሻል? ከእነዚያ ሰዎች ጋር አርባ ዓመት አብሬ ሰግጃለሁ። አምስት ነበርን፤ ሁለቱ ወደ አኺራ ሄደዋል” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬን ለወጥኩት። “እንዳይሄዱ ምን ላድርግ?” ማለቴን ትቼ “ሲሄዱ የት ሄደው ምን ይብሉ?” ማለት ጀመርኩ። ሁለት ወር ያህል አንዳንዴ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር፣ አንዳንዴም ብቻዬን በሰፈሩ ምግብ ቤቶች ዞርኩ።

የፉል ነገር

ከፉሉ እንጀምር። ፉል ራሱ ጥፋት የለበትም። የደረቀ ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ በዝግታ የተቀቀለ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ባቄላ ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና ወደ 9 ግራም ፋይበር ይሰጣል። ፋይበሩ ስኳር ወደ ደም በዝግታ እንዲገባ ስለሚያደርግ ለስኳር ሕመምተኛ ከነጭ ዳቦ በማርማላታ በእጅጉ የሚሻል ቁርስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባቄላው ከድስት ወጥቶ ሳህን ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

አባባ ይበሉበት የነበረው ቤት ፉሉ ላይ ዘይት ይፈስበታል፤ ከዘይቱ ላይ ቅቤ ይደረጋል፤ ከቅቤው ላይ ጨው የበዛበት ሚጥሚጣ ይነሰነሳል። ከጎኑ ሁለት ዳቦ ይቀርባል። ሻዩ ደግሞ ገና በማንቆርቆሪያው ውስጥ ስኳር ገብቶበት የሚፈላ ስለሆነ “ያለ ስኳር ስጡኝ” ማለት የማይቻልበት ቤት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ማለት ነው። በሚጥሚጣውም፣ በዳቦውም፣ በፉሉም ውስጥ ያለው ሲደማመር የቀኑ ድርሻ ገና ፀሐይ ሳይሞቅ ሊያልቅ ይችላል። እኔ ቀኑን ሙሉ ከወጥ ላይ የቆነጠርኩት ጨው ከንቱ ልፋት ነበር ማለት ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ፉል ቤት አለ። ከስድስት ጠረጴዛ አይበልጥም። እዚያ ፉሉ የሚቀርበው በተከተፈ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ሆኖ ነው፤ ዘይቱ፣ ሚጥሚጣውና ጨው በትናንሽ ሳህን ለብቻ ይመጣሉ። ሻይና ስኳርም እንዲሁ ለየብቻ ናቸው። ደስ ብሎኝ ባለቤቷን፣ “እትዬ፣ ለጤና አስባችሁ ነው ለየብቻ የምታቀርቡት?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁብኝ። “የምን ጤና! እ.ኤ.አ. በ2022 ዘይት እሳት ሆኖ የለ? ያኔ ነው የጀመርነው። ያልጠየቀ አይፈስበትም” አሉኝ። ሐኪም መክሮ ያቃተውን የዘይት ዋጋ አደረገው።

ስለ ፉል ካነሳን አይቀር ለእናቶች አንድ ነገር ልጨምር። ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ይበልጥ የሚታየው በወንዶች ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሕዋሶቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ። ፉል በበላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሕፃን ልጅ ፊቱ ከገረጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ በቤት ውስጥ ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሩዝ በሥጋና “አልቋል” የሚለው ቃል

በሙስሊም ምግብ ቤት የዓርብ ምሳ ያለ ሩዝ አይታሰብም። እኔ ግን ሩዝን በጥርጣሬ የማይበት ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በረመዳን፣ ከሰፈራችን ውጪ ካለ አንድ ቤት ለማፍጠሪያ ሩዝ በሥጋ ገዝተን ገባን። ተራዊሕ ሳያልቅ ሁለቱ ልጆቼ ማስታወክ ጀመሩ፤ ትንሿ ልጄ ሌሊቱን በግሉኮስ አደረች። አልሐምዱሊላህ በማግስቱ ተሻላቸው። እኛ በሥጋው ላይ ፈርደን ነበር። ሐኪሟ ግን ልጆቹ ምን እንደበሉና በስንት ሰዓት ማስታወክ እንደጀመሩ ከጠየቀች በኋላ የጠረጠረችው ሩዙን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። በአፈር ውስጥ የሚኖር ስለሆነ በጥሬ ሩዝ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ይህ ባክቴሪያ ዘር መሰል ጠንካራ ሽፋን ስለሚያበጅ ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም። ሩዙ ትኩስ እንዳለ ቢበላ ጉዳት አያደርስም። ነገር ግን ተቀቅሎ ለብ እንዳለ ለሰዓታት ከተቀመጠ ባክቴሪያው ይራባል፤ የሚያስታውክ መርዝም ያመነጫል። ይህ መርዝ ሙቀት ስለማይበግረው ሩዙን ደግሞ ማሞቅ አያድነንም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው፤ በመሃል ያለው ሙቀት የባክቴሪያ መራቢያ ነው። በቤታችንም ቢሆን ከሠርግና ከአቂቃ የተረፈ ሩዝ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ እንዳያድር፣ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ተዘርግቶ ቶሎ ፍሪጅ እንዲገባ አድርጉ።

ታዲያ ጥሩ የሩዝ ቤት በምን ይታወቃል? በሰፈራችን አንድ ቤት አለ፤ ሩዙን በቀን ሁለት ጊዜ ያበስላል፤ ከዙህር በፊት አንዴ፣ ወደ መግሪብ ሲቃረብ ደግሞ አንዴ። ዓርብ ዘግይታችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትደርሱ አስተናጋጁ ሳያፍር “አልቋል” ይላችኋል። ባለቤቴ በዚህ ቤት ሁለት ጊዜ ተበሳጭቶ ተመልሷል። እኔ ግን “አልቋል” የሚል ቤት እወዳለሁ፤ በማንኛውም ሰዓት ሁሉም ነገር ካለበት ቤት፣ ምግቡ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ደግሞም ሳህኑ ትልቅ ነው፤ እኔና ባለቤቴ አንዱን ለሁለት እንበላዋለን። ስኳር ያለበት ሰው በሾርባና በአትክልት ጀምሮ ከሩዙ ግማሹን ቢተው ሆዱም አይጎድልበት፣ ስኳሩም አይወጣበት። የታሸገ ለስላሳ ግን አብሮ አይዘዝ፤ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ።

ሰላጣው ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጥሬ አትክልት በንጹሕ ውኃ በደንብ ካልታጠበ የታይፎይድና የአሜባ መተላለፊያ ነው። እኔ ቤቱን እስካውቀው ድረስ ሰላጣ አላዝም፤ የበሰለ ጎመን ወይም ካሮት ካለ እሱን እመርጣለሁ።

ሐላል ነው፤ ግን በስሏል?

በአካባቢያችን የስልጤና የጉራጌ ተወላጆች ብዙ ስለሆኑ ክትፎ ቤት አይታጣም። ቆጮውና አይቡ እውነትም የሚመሰገኑ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ወንድሞችን የማስቀይምበት ነገር አለኝ። ብዙዎቻችን ሙስሊም ቤት መሆኑን፣ ሥጋው በቢስሚላህ መታረዱን ካረጋገጥን በኋላ ሌላ ጥያቄ አናነሳም። ሐላል መሆኑ እንስሳው እንዴት እንደታረደ ይነግረናል እንጂ በሥጋው ውስጥ የኮሶ ትል እጭ ይኑር አይኑር አይነግረንም። ዲናችን ሐላል ከሚለው ጋር ጦይብ፣ ማለትም መልካምና ንጹሕ የሚለውንም አብሮ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን እየረሳነው ነው።

የኮሶ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የበሬ ሥጋ በመብላት ነው። ለብ ለብ አይበቃም። ሚጥሚጣም ሎሚም አይገድሉትም። የሚገድለው ሥጋው መሃሉ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ፣ ቀይነቱ ጠፍቶ ሲበስል ነው። ነፍሰ ጡር እኅቶች ደግሞ ከኮሶ የባሰ ጉዳይ አለባቸው፤ ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ጥገኛ ተውሳክ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ይህም በጽንሱ ዓይንና አንጎል ላይ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ክትፎ ስታዝዙ “የበሰለ” በሉ። አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ብዬ ሳዝዝ አስተናጋጁ “እሱማ ጥብስ ነው” ብሎ ቀለደብኝ። ይቀልድ፤ የበሰለውን በላሁ።

ያልፈላ ወተትና እርጎም እንዲሁ ነው። የላምም ሆነ የግመል ወተት ካልፈላ ብሩሴሎሲስ የሚባለውን፣ ለወራት ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስከትል በሽታ ያስተላልፋል። ወተቱ መፍላቱን መጠየቅ ነውር የለውም።

ሳምቡሳን በአጭሩ ልለፈው። መጥበሻውን አይታችሁ ዘይቱ ከጠቆረ፣ አረፋ ከደፈቀና ገና ሳይግል ከጨሰ ደጋግመው የጠበሱበት ነውና እለፉት። ብርድ ሲሆን የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመች ጠጣር ስብ ነው፤ ለመጥበሻ ርካሽ ስለሆነ በየቦታው አለ። በሰፈራችን ያሉት የሳምቡሳ ቤቶች በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ግፊያ ዘይት ለመቀየር ጊዜ ሲያገኙ አላየሁም።

እኔን ቢጠይቁኝ

ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ቤት ሥጋ የማይበዛበት ነው። አንዲት እናት ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር በግቢያቸው በር ላይ የከፈቱት እንጀራ ቤት ነው። በየቀኑ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ጎመን አለ፤ ዓርብ ቅቅል ይጨመራል። ድስቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ያደረ ወጥ የለም። ምድጃው ከመመገቢያው ስለማይከለል ወጥ የምትሠራውን ልጅ እጇንም፣ ጥፍሯንም፣ የተሸፈነ ፀጉሯንም ታያላችሁ። የእጅ መታጠቢያው ከበሩ ሲገባ ነው፤ ሳሙናም አለው። ሳሙና ብርቅ ነው እንዴ እንዳትሉኝ፤ ከጎበኘኋቸው ቤቶች ውስጥ መታጠቢያው ኖሮት ሳሙናው ያልነበረ አጋጥሞኛል። ጠረጴዛ የሚጠርጉበት ጨርቅና ሳህን የሚያደርቁበት የተለያየ ነው። ይህን የምለው አንድ ቀን በሌላ ቤት አንዱ ጨርቅ ወለል ላይ ወድቆ ተነስቶ ወደ ብርጭቆ ሲሄድ ስላየሁ ነው።

ጉድለት የለበትም አልልም። ሽሮው ጨው ይበዛበታል። እናትየዋን “እማማ፣ አንድ የታመሙ አባት አሉኝ፤ ጨው የሌለው ሊሠራላቸው ይችላል?” ብዬ ስጠይቅ፣ “ከቀደሙ ይችላል፤ ጨው የምንጨምረው መጨረሻ ላይ ነው። ከአምስት ሰዓት በፊት ሰው ልከሽ ንገሪኝ” አሉኝ። የሚያስፈልገው መጠየቅ ብቻ ነበር ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ እዚያም እንደሌላው ቤት ሻይ ከምግቡ ጋር ነው የሚመጣው። የሻይና የቡና ታኒን በምስሩና በጎመኑ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ደም ማነስ ያለባችሁ እኅቶችና ነፍሰ ጡሮች ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ጠጡት።

አባባን ይዣቸው ልሂድ ብል እሺ እንደማይሉ ስለማውቅ በሌላ በኩል ሄድኩ። ከጓደኞቻቸው መካከል ታላቅየው ሐጂ ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እሳቸውን ቤታችን ጋብዤ የዘይቱንና የጨዉን ነገር ነገርኳቸው። “እኛ ለቦታው ታማኞች አይደለንም፤ ግን እዚያ ወንበሩ ይመቻል” አሉኝ። በሳምንቱ ሦስቱም ወደ ሁለተኛው ፉል ቤት ተዛወሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወንበሩ ጠበበን፣ ዳቦው ደረቀብን እያሉ አማረሩ፤ አሁን ቦታቸው ሆኗል።

ከሦስት ወር በኋላ ስንለካ ግፊታቸው 145 በ90 ሆነ። በፉሉ ብቻ ነው እንዳትሉ፤ ሐኪሙ መድኃኒታቸውንም አስተካክሎላቸዋል። ማንም ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ አደራ። አባባም ቢሆኑ ፍጹም አልተለወጡም። ባለፈው ዓርብ ልጄን ልኬ ሳስጠራቸው፣ ፉሉ ቤት ያሉት እትዬ ለልጁ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? “ለእናትህ ንገራት፤ ዘይቱን አልነኩም፤ ሚጥሚጣውን ግን ሁለት ጊዜ አስጨምረዋል።”